አንቱ የተባለችው ሐመልዳ

በገዛምር ምድር ደመና እስከ ድንበር መጥቶ የሚመለስበት ዘመን ሆነ። ከምሥራቅ ጠቁሮ ይነሣል፣ ነጎድጓዱ ያስገመግማል፣ ገበሬው ከተሰነጠቀው ማሳው መካከል ቀና ብሎ መዳፉን ይዘረጋል፤ ደመናው ግን የድንበሩ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቤቱ ዕቃ እንደረሳ ሰው ዞሮ ይሄዳል። ወንዞቹ ጠጠር ብቻ ሆኑ። ከብቶቹ የደረቀ አጥር ማላመጥ ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠጡት ጤዛ የነካው ጨርቅ እየጨመቁ ነበር።

ዝናብ የሚጠራው የነሐስ መለከት ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ጠፍቷል። አንድም ቁልፍ አልተሰበረም። የቤተ መንግሥቱ ሕልም ፈቺ፣ ሊቀ ሕልም ፋንቱራ፣ «ባለ ብዙ ቀንድ ሌባ ከባሕር ወጥቶ ሰረቀው» ብሎ አወጀ። ገዛምር ባሕር የላትም። መኳንንቱ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ «እውነት ነው፣ እኛም ጠርጥረን ነበር» አሉ። የጠረጠሩትስ ሌላ ነገር ነበር።

ከአውራዝ ከተማ በላይ በደን የተሸፈኑ ሁለት ተራሮች ቆመዋል። እውነተኛ ስማቸውን ደፍሮ የሚጠራ የለም። ጥድ የለበሱትን እትዬ፣ ወይራ የለበሱትን ጋሼ ይሏቸዋል፤ በገዛምር ሌባው እንኳ ሊሰርቅ ሲወጣ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ንጉሡ ዘራምድ ግን በመኸር በዓል ማታ ጠጁን ጠጥቶ ጠጥቶ ሰገነት ላይ ወጣና፣ ተራሮቹን በዋንጫው እየጠቆመ፣ «አንቺ! አንተም! እዚያ የተገተራችሁት! ለእኔ ለዘራምድ እጅ አትነሡም?» ብሎ ጮኸ። ለእንዲህ ያለ ሰው ንጉሥ ነው ተብሎ አንቱታ ማባከን ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ዘራምድ እንደማንኛውም ሰካራም አንተ ይባላል። በማግሥቱ መለከቱ በጋሼ ራስ ላይ ሲያብለጨልጭ ዓይን ያለው ሁሉ አየው። ነገር ግን ማን ነው ደፋሩ፣ ጥፋቱ የግርማዊነትዎ ነው የሚል? ባለ ብዙ ቀንዱ ሌባ የተፈለገው ለዚህ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ባዶው የመለከት ማኅደር ክዳኑን ከፍቶ በሰው ድምፅ ተናገረ።

«አንቱ ያላለች አፍ ትነፋዋለች፤ ከነፋችውም በኋላ አንቱ ትላለች።»

ትንቢቱን ለመፍታት ሕልም ፈቺ አላስፈለገም። በአውራዝ አንቱ የማትል አፍ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የሐመልዳ አፍ ነበረች።

ሐመልዳ የጦር አለቃው የጎልዳ ልጅ ናት። ጎልዳ ጠባብ በር በተባለው ገደል ውስጥ ከጥቂት ወታደር ጋር ጠላትን ገትሮ ይዞ ነበር። ሊረዱት የመጡት ሁለት መሳፍንት ከገደሉ አፍ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ መግቢያው የሚያሳልፈው አንድ ፈረስ ብቻ ነውና። አንደኛው «ይቅደሙ» አለ። ሁለተኛው «ምን ቆርጦኝ! አንቱ ይቅደሙ እንጂ» አለ። «በሞቴ ይቅደሙ!» «እኔ ልሙት፣ አልቀድምም!» ሲባባሉ ውስጥ የነበረው የሰይፍ ድምፅ ጸጥ አለ። በሞታቸው ሲማማሉ የሞተው ሌላ ሰው ነበር። ለቅሶ ቤት መጥተው በር ላይ ደግሞ «ይቅደሙ» ሲባባሉ ሐመልዳ ሰማቻቸው። ያኔ የአባቷን ሰይፍ ከግድግዳው አውርዳ በስለቱ ላይ እጇን ጭና፣ «አፌን አፈር ይሙላው እንጂ፣ በሕይወት ላለ ፍጥረት አንቱ አልልም!» ብላ ማለች።

ከዚያ ወዲህ ሹሙንም ሽማግሌውንም አንተ ትላለች። አንተ ስትል ከአፏ የሚወጣው ንቀት ሰውየውን ከራስ ጥምጥሙ እስከ ጫማው ይልሰዋል። ይህንኑ ቃል «አንቺ» ብላ በፍቅር የምትለው ለአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ ለወርዲት። ወርዲት ዘፋኝ ናት፣ ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ አህያ እንኳ መንገድ ሲዘጋባት «እባክዎ ዞር ይበሉልኝ» የምትል። ሁለቱ ከከተማው ግንብ ሥር በአንዲት ጎጆ አብረው ይኖሩ ነበር። የጎጆዋ በር ጠባብ ናት። ሐመልዳ ይቅደሙ የሚባል ነገር መስማት ስለማትወድ ሁለቱም እኩል ይገቡ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ፣ ይጣበቃሉ፣ «አንቺ ግፊ!» «አንቺ ሆድሽን ሳቢ!» ይባባላሉ፣ በመጨረሻ ተያይዘው ወለሉ ላይ ይወድቃሉ። ሐመልዳ በቀን አንዴ የምትስቀው ያኔ ነበር።

ዘራምድ ሐመልዳን አስጠርቶ ከዙፋኑ ላይ ንግግር አደረገ። «የጎልዳ ልጅ ሆይ! የአባቶቻችን መለከት በክፉ ሌባ እጅ ወድቋል። ትንቢቱ አንቺን መርጧል። ሂጂና መልሺ፤ ስትመለሺም፣ ትንቢቱ እንዳለው፣ በዙፋናችን ፊት ተንበርክከሽ አንቱ ትዪናለሽ።»

ሐመልዳ ከላይ እስከ ታች አየችው። «የምሄደው ሰፈሬ ውስጥ ጨርቅ ለሚጨምቁት እናቶች ነው። የአንተማ ጭንቀት ጠጅህ ውሃ እንዳያንሰው ብቻ ነው።»

ፋንቱራ ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ መውደቂያው ምንጣፍ ያለበት መሆኑን ግን አስቀድሞ አይቶ ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ መኳንንቱ በጋሻና በነብር ቆዳ አጊጠው ሐመልዳን እስከ እትዬ እግር ድረስ አጀቧት። እዚያ የደኑን ሕግ ያልሰማ የለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደኑ ይዘጋል፣ ውስጡ የቀረ ሰው ዛፍ ሆኖ ይቀራል። ጥዶቹን ቀና ብለው እንዳዩ የአንዱን ጉልበት ቁርጥማት ያዘው፤ የሌላው ፈረስ ለካስ ከልጅነቱ ጀምሮ የጥድ ሽታ አይስማማውም፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከኋላ ሆኖ የሚጸልይ ሰው ያስፈልጋል» ብሎ ተቀመጠ። ሐመልዳ ምራቋን በነብር ቆዳው አጠገብ እንትፍ አለች፤ በድርቅ ዘመን ምራቅ ማባከን ትልቅ ስድብ ነው።

ከእርሷ ጋር የገባችው ወርዲት ብቻ ናት። ከረጢቷ ውስጥ ቆሎና በሶ፣ ወገቧ ላይ ትንሽ የውሃ ቅል ነበራት።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?» አለች ሐመልዳ።

«ካንቺ ጋ ነዋ። ተራራ ላይ ወጥተሽ ተራራውን ስትሳደቢ ማን ይቅርታ ይጠይቅልሽ?»

መንገዱ የጥድ ሥር እየተጠላለፈበት ሽቅብ ይወጣል። ከታች ያለው አገር ቢደርቅም የእትዬ ደን እርጥብ ነበር፤ ከቅርንጫፉ ግራጫ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠላል፣ ጭጋጉ በግንዶቹ መካከል ይሽሎከለካል፣ እግር የረገጠው ቅጠል ድምፅ ሳያሰማ ይሰምጣል። ወርዲት በየግንዱ አጠገብ «እንዴት አደሩ፣ ይቅርታ፣ ረገጥኩዎ» እያለች ትወጣለች። ሐመልዳ ንዴት እየያዛት ትሰማታለች። ሽቅቡ በረታ፤ ትንፋሽ አጠረ፤ ከአንዱ ጉብታ በኋላ ጫፉ ነው ሲባል ሌላ ጉብታ ይመጣል። በመጨረሻ ሐመልዳ ተሰላችታ ቆመችና፣ «አንቺ የድንጋይ ክምር! ጫፍሽ የት ነው?» ብላ ጮኸች።

መንገዱ ወዲያው ጠፋ። ሥሮቹ ተነሥተው አጥር ሆኑ፤ ከየግንዱም ቅርፎች ወረዱ። ቅርፎች የደኑ ዘበኞች ናቸው፤ ቁመታቸው የፍየል ያህል፣ ቆዳቸው የዛፍ ልጥ፣ ጥርሳቸው ለሰው ቁርጭምጭሚት የተሠራ። ሐመልዳ የአባቷን ሰይፍ መዝዛ የፊተኛውን መታችው። ሰይፉ ልጡ ውስጥ ገብቶ ተሰነቀረ። ብትስበው ብታደርገው አልወጣም። ቅርፉም ሰይፉ ጀርባው ላይ እንደ ተሰካ ጥቂት ተራመደና፣ ዞር ብሎ አያት፤ ንቀት ምን እንደሚመስል ከሌላው ወገን ሆና ያየችው ያኔ ነው።

ወርዲት ተንበረከከች። «እትዬ፣ ይማሩን። አባቷ የሞተባት ናት፣ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። እኔ ልካስዎ፣ ያሳልፉን።»

ጥዶቹ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾኩ። ከዚያም ሥሮቹ ተላቀቁ፣ ቅርፎቹም ሰይፉን ከባልንጀራቸው ጀርባ ነቅለው ለወርዲት በአክብሮት አስረከቧት። ሐመልዳ ሰይፉን ከእጇ ስትቀበል ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አመሰግናለሁ አትዪም?» አለች ወርዲት።

«ለማን? ለጉቶ?»

«ለእኔ፣ አንቺ ጉቶ!»

በእትዬ ጫፍ በኩል አልፈው በሁለቱ ተራሮች መካከል ካለው ወገብ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ተቀምጠው በሶ በጠበጡ። ወርዲት ከቅሉ አንድ ጉንጭ ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ለሐመልዳ ሰጠቻት፤ ስትጠጣም እንዳታስተርፍላት አፏን በዓይኗ ጠበቀቻት። ከታች አገሩ እስከ አድማሱ ድረስ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። የሚነሣው ጢስ የእሳት አልነበረም፤ የአቧራ ነው።

«ስሚ» አለች ሐመልዳ፣ ዓይኗን ከአቧራው ሳታነሣ። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ አስጠልቶኛል። ጠዋት ስነቃ የምነሣው አንቺ ወለሉ ላይ ስትዘፍኚ ስለምሰማ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ወርዲት ቆሎዋን ማኘክ አቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህች ልጅ አፍ ሰምታ አታውቅም። «አንቺ... ፀሐይ መትቶሽ እንዳይሆን» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

የጋሼ አቀበት ከእትዬ የከፋ ነበር። ወይራዎቹ የተጣመሙና ያረጁ ናቸው፣ ድንጋዩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። በእጅም በጉልበትም ወጡ። ሐመልዳ ምላሷን ነክሳ አንድም ቃል ሳትናገር ወጣች፤ ይህም ለእርሷ ከአቀበቱ ይበልጥ የከበደ ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ፣ መለከቱም ከሁሉ ካረጀው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሐመልዳ እጇን ዘረጋች። ቅርንጫፉ ከፍ አለ። ዘለለች። አሁንም ከፍ አለ።

ከመሬቱ ውስጥ ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ወጣ።

«ልጄ፣ ለአንድ ሰካራም ስድብ ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ማስጠማቴ ደስ አላለኝም። እኛ ግን የቆምነው በአንቱታ ነው። አንቱታችን ከጎደለ እኛም እንፈርሳለን፣ ደናችንም ይደርቃል። የጎደለውን ሙሉልኝና መለከቱን ውሰዱ።»

ወርዲት ወዲያው ግንባሯን መሬት አስነካች። «አንቱ ይሁኑልኝ፣ ጋሼ! አንቱ!»

«ያንቺ አንቱታ ለአህያም ይዳረሳል፣ የኔ ልጅ። ደግ ነው፤ ክብደት ግን የለውም።»

ሐመልዳ ፊቷ ጠቆረ። በሰይፉ ላይ የማለችው ትዝ አላት፤ የጨርቁ ውሃ፣ የአቧራው ጢስም ትዝ አላት። ጥርሷን ነክሳ፣ የመረረ ነገር እንደሚተፋ ሰው፣ «እሺ... አንቱ» አለች።

ጋሼ ሳቁ። ጠጠሮቹ ተንከባለሉ። «ይህማ መኳንንቱ ለዘራምድ የሚሰጡት ነው። አልፈልገውም። አንቺ ዘንድ አንድ የከበደ ቃል አለ። ዓለሙን ሁሉ አንተ፣ አንቺ የምትዪው በንቀት ነው፤ አንዲቱን ግን በፍቅር አንቺ ትያታለሽ። እርሱን ስጪኝ። የእርሷንም ለአንቺ የምትለውን ጨምሪ። እርሱ ጉድለቴን ይሞላል።»

«ከዚያ በኋላስ ምን እላታለሁ?»

«አንቱ።»

ሐመልዳ ሰይፏን እስኪያማት ጨበጠች። ይህን ሁሉ አቀበት ስትወጣ ሞትን እንኳ አስባ ነበር፤ ሞት ቀላል መስሎ ታያት። ወርዲት ግን እጇን ይዛ ወዘወዘቻት።

«ስጪያቸው! ቃል እኮ ነው፣ ሐመልዳ። እኔ አንቱ ስልሽ ልቤ ውስጥ አንቺ እንዳልኩሽ ታውቂ የለ? ምን ይለወጣል? ፀሐይዋን እያት፣ ልትጠልቅ ነው። እዚህ ወይራ ሆነን ልንቀር ነው?»

ጋሼ ዝም አሉ። ወርዲት እውነት ትናገር እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዝምታቸውን ሐመልዳ ሰማችው፣ ገባትም። ወርዲት አልገባትም።

«አንድ ጊዜ በይኝ» አለች ሐመልዳ።

«ምን ልበልሽ?»

«የምትይኝን።»

ወርዲት ሳቀች፤ አቧራና እንባ የተቀላቀለበትን የሐመልዳን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘችና፣ «አንቺ ደረቅ!» አለቻት።

«አንቺ ለፍላፊ» አለች ሐመልዳ። ከዚያም ወደ መሬቱ ዞራ፣ «ይውሰዱት» አለች።

ቅርንጫፉ ዝቅ አለ። ሐመልዳ መለከቱን ከአፏ አገናኝታ ነፋችው። ድምፁ በእትዬ በኩል አልፎ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ሄደ፤ በዚያ የቆመው ደመናም መጠራቱን አወቀ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ቀጥሎም ትላልቅ ጠብታዎች ወይራዎቹን መቱ። ከታች ከሜዳው የሰው እልልታ ተሰማ። ሐመልዳ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ ዓይኗን ጨፈነች፤ የሚወርደው ሁሉ ዝናብ እንዲመስል።

በአጭሩ መንገድ ሲወርዱ ወርዲት ከኋላ ነበረች። አልዘፈነችም። አንድ ጊዜ ድንጋይ ከሐመልዳ እግር ሥር ሲንሸራተት እጇን ዘርግታ ያዘቻትና፣ «አይዞዎት» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እንደገና ሞከረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ወጥቶ የመጣው ግን አሁንም «አይዞዎት» ነበር። የያዘችውን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀችው። የማያውቁትን ሰው ክንድ ያን ያህል ይዞ መቆየት ነውር ነውና።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደኑ ወጡ። ተራራው እግር ሥር ቁርጥማቱ ለቋቸው፣ ጥዱ ተስማምቷቸው፣ ጸሎቱ ሠምሮላቸው መኳንንቱ ሁሉ በዝናቡ ይጨፍሩ ነበር። ዘራምድ በጃንጥላ ሥር ቆሞ፣ «እነሆ በዘመናችን የተገኘ ድል!» አለ። ፋንቱራ ባለ ብዙ ቀንዱ ሌባ እንዴት እንደተሸነፈ ገና ከአሁኑ መተረክ ጀምሯል። «ሐመልዳ! አንቱ የተባለች ጀግና!» እያሉ ስሟን ጠሩ። ዘራምድ «በይ እንግዲህ፣ ትንቢቱ ይፈጸም፤ አንቱ በይን» ብሎ አገጩን ሽቅብ አነሣ።

ሐመልዳ መለከቱን እግሩ ሥር ጭቃው ላይ ጣለችለት። «ትንቢቱ ተፈጽሟል። አንተን ግን አልነካህም፤ ሂድና ጠጅህን ጠጣ» ብላው አለፈች። የተወሰደባት የፍቅሩ ብቻ ነበር፤ ንቀቷ ሙሉ በሙሉ አብሯት ነበር።

በጎዳናው እናቶች ጋንና ድስት አውጥተው ውሃ ያጠራቅማሉ፣ ልጆቻቸው አፋቸውን ከፍተው ይሮጣሉ። ሁለቱ ሴቶች በመካከላቸው ያለፉት ጎን ለጎን ነው፤ በሁለቱ መካከልም አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ከግንቡ ሥር ጎጆዋ ጋ ደረሱ። ልብሳቸው ከሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጠባቧ በር ክፍት ነበረች።

ሐመልዳ ትከሻዋን አዘጋጀች። ወርዲት ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ይቅደሙ» አለች።

ሐመልዳ ልትቀድም እግሯን አነሣች፤ መልሳ አኖረችው። እርሷን ዝናብ ላይ አቁሞ መግባት እንዴት ይሆናል? ሌላ ቃል ፈለገች፣ የድሮውን፣ በጉሮሮዋ በኩል የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ ፈለገችለት። አልነበረም።

«የለም» አለች። «አንቱ ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ ይቅደሙ።»

«እኔ ልሙት፣ አንቱ ይቅደሙ።»

ዝናቡ በረታ። በበሩ በኩል ሁለቱን የምታህል ደረቅ ወለል ትታይ ነበር። ማንም አልገባም።